የዶቅዶቄ ስልቻ

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሥልጣኔ ልደታ ደረሰ። የመጣው በበርሜል ነበር። ሁለት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ኖራ በጋሪ እያስገፉ መጡና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አጠገብ ያለውን መንደር በር በበር ዞሩት፤ በረጅም ብሩሽ በየግድግዳው ላይ ትልልቅ መስቀለኛ ምልክት እያደረጉ አለፉ። ምልክት ያለበት ቤት ይፈርሳል፤ ሜዳው ሊረዝም ነው። ሜዳው የሚረዝመው አውሮፕላኖቹ ጠበበን ስላሉ ነው። ከአውሮፕላን ጋር ስለ ቦታ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ደግሞ እስካሁን አልተሰማም።

ሠላሳ አንድ ቤት ተመረጠ። የመጨረሻው የኮርቻ ሰፊው የአቶ ሸዋንግዛው ቤት ነበር። እዚያ ሲደርሱ ወታደሮቹ ደክሟቸው ስለነበር የተረፈውን ኖራ ከነበርሜሉ ግቢው ውስጥ አወረዱትና፣ «የመንግሥት ንብረት ነው፤ አንድ ጭልፋ ብትጎድል ትጠየቃላችሁ» ብለው ሄዱ። ቤታችሁን እናፈርሳለን፣ እስክናፈርስ ግን ኖራችንን ጠብቁልን ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ መተማመን በጎረቤት መካከል እንኳ ብርቅ ነው።

የአቶ ሸዋንግዛው ልጅ ተናኘወርቅ በርሜሉን አየችው፣ ምልክቱን አየችው፣ ከዚያም አባቷን አየች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ሁለት ባል አግብታ ሁለቱንም እንደ ተዋሰችው ወንፊት መልሳለች። ለማልቀስ የምትፈጥን ሴት አልነበረችም። ቤቱም የሚለቀስለት ዓይነት አልነበረም፤ ሁለት ክፍልና አንድ የሥራ ቤት፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ። አንድ ነገር ግን ነበረው። አቶ ሸዋንግዛው ዓይናቸው ከደከመ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚሠሩት በጣታቸው ነው። ወስፌው የትኛው ምስማር ላይ እንደተሰቀለ፣ ጅማቱ የትኛው ቅል ውስጥ እንዳለ፣ ከመደቡ እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ እጃቸውና እግራቸው ያውቃሉ። እዚህ ቤት ውስጥ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ከዚህ ቤት የወጡ ቀን ግን ዕውር ሽማግሌ ይሆናሉ። ተናኘወርቅ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለአባቷማ ጭራሽ።

ሥራውስ ቢሆን መቼ ነበረ? በቅሎውን ሁሉ ጦሩ ወስዶታል፤ በበቅሎ የሚቀመጡት ጌቶች ከፊሎቹ በረሃ ገብተዋል፣ ከፊሎቹ ገብተው በማይወጡበት ገብተዋል። መደቡ ላይ የቀረው አንድ ኮርቻ ብቻ ነበር፤ አንድ ፊታውራሪ አዝዘውት ያልተመለሱበት፣ ባሕር አረብ በሚባለው ለስላሳ ቀይ ቆዳ የተለበጠ።

ምልክቱ በወጣ በሳምንቱ ደጃፉ ላይ ዶቅዶቄ ቆመች። የተቀመጠባት ካፒታኖ ማርኬቲ የሚባል የሜዳው መሐንዲስ ነው። ከኋላው እንደ ጆንያ ተጭኖ የመጣው ደግሞ አስተርጓሚው አምሳሉ ነው፤ የጌጃ ሰፈር ልጅ፣ ጣሊያንኛውን በስምንት ወር ለምዶ፣ ከረባቱን በአንድ ቀን ያሰረ።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እንደምን ዋሉ! ዕድል ራሷ በእግሯ መጥታልዎታለች» አለ አምሳሉ አቧራውን እያራገፈ።

«ዕድል ስትመጣ እንዲህ ነው የምትጮኸው?» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። የዶቅዶቄዋ ድምፅ ገና ጆሯቸው ውስጥ ነበር።

ካፒታኖው ከዶቅዶቄዋ ግራና ቀኝ የታሰሩትን ሁለት የቆርቆሮ ሳጥኖች በእግሩ እየመታ ረጅም ንግግር አደረገ።

«ሳጥኖቹ አስመርረዋቸዋል» አለ አምሳሉ። «መንገድ ላይ ያንኳኳሉ። ባለፈው ዱከም አጠገብ ሲወድቁ የቀኙ ሳጥን እግራቸውን ቀጠቀጣቸው። እንቁላሉም ተሰበረ። ለስላሳ ከረጢት ይፈልጋሉ።»

«እንቁላል ይዞ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች ተናኘወርቅ።

«ዝዋይ ሐይቅ። እዚያ ድንኳን ተክለው ሜዳ ላይ ያድራሉ።»

«ዘመቻ ነው?»

«አይደለም።»

«አደን?»

«አይደለም እቱ። እንዲሁ ለመዝናናት ነው።»

«ምነው፣ ቤት የለውም?»

«ኧረ ምን ነካሽ! የደጃዝማቹን ቤት ነው የተሰጣቸው። አሥር ክፍል!»

ተናኘወርቅ ይህን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። የአሥር ክፍል ጌታ ሜዳ ላይ ለማደር ሲል የሁለት ቀን መንገድ አቧራ ይበላል።

«እንግዲያው እኛንም ሜዳ ላይ የሚጥለን ለመዝናናታችን አስቦ ነዋ» አለች። «እኔ ባለጌዋ ክፋት መስሎኝ ነበር።»

«ይህን አልተረጉምም።»

«አትተርጉም፤ ላንተ ነው ያልኩት። ይልቅ ይህን ተርጉም፤ ከረጢቱን እንሰፋለታለን። ገንዘቡን ግን አንፈልግም። የሚፈርሰውን ቤት መስመር ያሰመረው እሱ አይደል? ከበራችን ወዲያ ይለፍልን።»

ካፒታኖው ሳቀ። ሲስቅ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ካርታ አወጣና ዘርግቶ የትንሽ ጣቱን ጥፍር ዳር አሳያት። ከረጢቱ ዝዋይ ደርሶ ዕቃውን ሁሉ በደህና ይዞ ከተመለሰ፣ መስመሩን ይህችን ታህል በእርሳስ ይገፋታል። ገና በእርሳስ ነው፤ ቅጂም አልወጣለትም። አቶ ሸዋንግዛው ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት በካርታው ላይ የጥፍር እድፍ ያህል ነበር። ተናኘወርቅ ካርታውን ስታየው የገረማት ሌላ ነገር ነው፤ ከተማውን ያህል ነገር ሰው እንዴት ኪሱ ውስጥ አጥፎ ይዞ ይዞራል?

አቶ ሸዋንግዛው ሦስት ነገር መደቡ ላይ ዘረጉ። ሸራ፣ የበሬ ቆዳና የፍየል ስልቻ።

«ሸራው ቀላል ነው» አሉ በጣታቸው እየዳሰሱ፤ «ግን ግራር ከያዘው አለቀለት። የበሬው አይቀደድም፤ ዝናብ መትቶት ፀሐይ ሲያደርቀው ግን ያው ሳጥን ነው፤ እግራቸውን ሊሰብሩ ከፈለጉ ያላቸው ይበቃል። ስልቻው ሲሞላ ይነፋል፣ ሲጎድል ይታጠፋል፤ ቢወድቁ ከሥራቸው ሆኖ ይቀበላቸዋል። እኔን ከጠየቁኝ ስልቻ ነው።»

ካፒታኖው ስልቻውን አነሣና አሸተተው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ይሸታል ይላሉ።»

«ፍየል እኮ ነው። ምን እንዲሸት ነበር የፈለጉት?»

አምሳሉ ይህን እንዴት እንደተረጎመው እግዜር ይወቀው፤ ካፒታኖው ግን በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። ሰውዬው ሚስት ሲያጭ ይህን ያህል እንዳልተጠነቀቀ ተናኘወርቅ መማል ትችላለች። ሸራው ላይ ውሃ አፈሰሰና ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። የበሬውን ቆዳ በእሾህ ቧጨረ። ስልቻውን በድንጋይ ሞልቶ መሬት ላይ ወረወረው፣ አንሥቶ ደግሞ ወረወረው። በውሃ ፈተነ፣ በእሾህ ፈተነ፣ በድንጋይ ፈተነ። በእሳት መፈተን ለማናቸውም ትዝ አላላቸውም።

ይህን ሁሉ ሲያበቃ ቀና ብሎ የፊታውራሪውን ቀይ ኮርቻ አየ።

«ያንን!» አለ።

ተናኘወርቅ ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን መፈጀት እንዳልነበረበት ገባት። ሰው የመንገድ ከረጢት የሚመርጠው ዝናቡን አስቦ ነው፤ ይኼኛው መስታወቱን አስቦ ነው የመጣው።

«ያ የሰው ዕቃ ነው» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«አባዬ፣ ፊታውራሪው አይመጡም።»

«ቢመጡስ?»

«ቢመጡ ቤታችንን የት ያገኙታል?»

ሽማግሌው ኮርቻውን ጭናቸው ላይ አኑረው ራሳቸው የሰፉትን ስፌት አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ መፍታት ጀመሩ።

ውስጡ ስልቻ፣ ላዩ ቀዩ ባሕር አረብ እንዲሆን ተስማሙ። ካፒታኖው ለልክ እንዲሆን ዶቅዶቄዋን ግቢው ውስጥ ጥሎላቸው ሄደ፤ ማስነሻ ቁልፏን ግን ይዞት ነው የሄደው። አገሬው ሞተር ማስነሣት የለበትም፤ ማን ያውቃል፣ ሊዝናና ይችላል።

አቶ ሸዋንግዛው ዶቅዶቄዋን እንደ በቅሎ ዳሰሷት። ወገቧን ለኩ፣ ጎኗን ለኩ፣ የታችኛውን ሆዷን ለኩ። የጭነት ሕግ አንድ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ይመዝን፣ ጭነቱም ከገላዋ ይጣበቅ። የተንጠለጠለ ጭነት ያቆስላል። ደግሞ ሌላም ሕግ አለ፤ ጌታ በቅሎ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነውና የጌታ ወረቀትና ማኅተም በቀኝ ይጫናል፣ የአሽከር ስንቅ በግራ። ስለዚህ ለቀኙ ከረጢት የወረቀት ኪስ ሰፉለት፣ ከገላዋ በኩል፣ ሌባም ዝናብም በማይደርስበት።

«አባዬ፣ ይኼ በቀኝ በኩል የሚሄደው ብረት ምንድን ነው?» አለች ተናኘወርቅ። ወፍራም ቧንቧ ነበር፤ ከሞተሩ ተነሥቶ በከረጢቱ ቦታ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል።

አቶ ሸዋንግዛው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ድንጋይ የመሰለ ቅዝቃዜ።

«እግር ማሳረፊያ ይሆናል» አሉ።

እሷም ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። የነኩት ብረት ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛ ነው፤ በቅሎ ስትሄድ ጎኗ እሳት አይሆንም። ጠፍሩን አጥብቀው ሳቡት፤ ከረጢቱም ቧንቧውን እንደታዘለ ሕፃን አቀፈው። ከዚያ ዝናብ እንዳይገባው ቆዳውን ሦስት ጊዜ ሰምና ቅቤ አጠጡት።

ልደታ አራት ቀን ሲቀራት ካፒታኖው ዕቃውን ይዞ መጣ። ታጣፊ አልጋ፣ መኮሮኒ፣ የፀጉር ቅባት፣ ሁለት ትራስ። ለሚያድርበት ሜዳ ቤቱን ሁሉ ጭኖ ሊሄድ ነው። ከረጢቱን ሲያይ ግን እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

አምሳሉ ጎንበስ ብሎ የቀኙን ከረጢት አየና አንድ ነገር በጣሊያንኛ ጠየቀ። ካፒታኖው በእጁ አባረረው።

«ምን አልከው?» አለች ተናኘወርቅ።

«ቧንቧውን አይነካውም ወይ አልኳቸው። ሳጥኑም ሲነካው ነበር፣ ምንም አልሆነም አሉኝ። መሐንዲስ ናቸው፤ የብረት ነገር እንዲነግሯቸው አይወዱም።»

አቶ ሸዋንግዛው የጌታ ወረቀት በቀኝ እንደሚሆን አስረዱት። ሐሳቡን በጣም ወደደው፤ ካርታውንና የሠላሳ አንዱን ቤት ዝርዝር እዚያው ኪስ ውስጥ አስገባ። ሥራውን ሐይቁ ዳር፣ ጥላ ሥር ሆኖ ይጨርሰዋል፤ መስመሩንም እዚያው ይገፋታል። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጣቸውና ሄደ።

በማግስቱ ተመለሰ።

የመጣው፣ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት ነበር፤ ወታደር አላስከተለም፣ አምሳሉን ብቻ። የግራው ከረጢት እንደ ሙሽራ ነው። የቀኙ ግን አልነበረም። በቦታው አንድ እፍኝ የከሰለ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ሰምና ቅቤ የጠጣ ቆዳ ከጋለ ብረት ጋር ሲታቀፍ ምን እንደሚሆን ጧፍ ያየ ሁሉ ያውቃል። ካፒታኖው ቢሾፍቱ ሳይደርስ ነበር ጭስ የሸተተው፤ ነገር ግን አገሩ ነው የሚሸተው ብሎ ዝም አለ። ሞጆ ሲደርስ ሱሪው ተያያዘ።

መኮሮኒው ተርፏል። የፀጉር ቅባቱ ተርፏል። ካርታውና ዝርዝሩ አመድ ሆነዋል።

ካፒታኖው ጮኸ። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ ግን አምሳሉ ገርጥቶ ተረጎመ። «ሆን ብላችሁ ነው ይላሉ። ሻጥር ነው ይላሉ።»

ከዚህ ላነሰ ነገር ሰው ሲሰቀል ተናኘወርቅ በዓይኗ አይታለች። አባቷ ግን የተሰደቡት በሌላ ነገር መሰላቸው።

«ሻጥር?» አሉ ከመደባቸው ተነሥተው። «የእኔ ስፌት ተተረተረ? ጠፍሩ ተበጠሰ? በቅሎ ብትሆን ይህ አይደርስም ነበር! የበቅሎ ጎን አይነድም! የሚነድ ጎን እንዳላት ቀድመው አይነግሩኝም ነበር? ቀዝቃዛዋን አስዳስሰውኝ!»

አምሳሉ ይህን ቃል በቃል ተረጎመው፤ እያለዘበ ሲተረጉም የኖረ ሰውም አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል። ካፒታኖው ቀጥሎ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ውሉ ፈርሷል ይላሉ። ከረጢቱ ዕቃቸውን አልመለሰም። ከነገ ወዲያ መጥተው ምልክት ያለባቸውን ቤቶች እያዩ እንደገና ይመዘግባሉ። ከሁሉ የሚቀድመው የእናንተ ቤት ነው።»

ሲሄድ ዶቅዶቄዋን አላስነሣም፤ እየገፋ ነው የወጣው። ተናኘወርቅ ይህን አየች። በእንቅልፍ ሰዓት መምጣቱን፣ ያለ ወታደር መምጣቱን፣ ሲጮህ ቆይቶ መሐል ላይ ድምፁን መቅበሩን ደመረችው። ሰውዬው ለአለቆቹ አልነገረም። የመንግሥትን ካርታ ለሽርሽር ይዤ ሄጄ ከነሱሪዬ አቃጠልኩት ብሎ የሚናገርስ ማን አለ? እንግዲህ መስመሩ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በየግድግዳው ላይ፣ በኖራ።

አጥሩን ተሻግራ ወደ እትዬ ጠጅቱ ሄደች፤ የእሳቸውም ቤት ምልክት አለበት።

«እትዬ ጠጅቱ፣ ነገ ቤት አይለቀለቅም እንዴ? ልደታ እኮ ደረሰች።»

«አንቺ ልጅ፣ ለሚፈርስ ቤት ነው የምለቀልቀው?»

«ኋላ እመቤታችን ምን ትላለች? በየዓመቱ ለበዓሏ ግድግዳ ነጭ ይሆናል፤ ዘንድሮ ጣሊያን ስለመጣ ቆሽሻችሁ ጠበቃችሁኝ አትልም?»

«ኖራውስ ከየት ይመጣል?»

ተናኘወርቅ ወደ ግቢዋ በአገጯ አመለከተች። እትዬ ጠጅቱ በርሜሉን አዩ፤ መጀመሪያ አማተቡ፣ ቀጥለው ፈገግ አሉ።

«የሠላሳ አንዳችንን ቤት ብቻ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ሠላሳ አንዱን ብቻ ከቀባን ምልክቱን አጉልተን ጻፍንለት ማለት ነው። ምልክት ያለውም የሌለውም ይቀባ። ማርያም የሁሉም ናት።»

በማግስቱ የመንደሩ ሴት በሙሉ ቀሚሱን ወደ ላይ አሸርጦ ወጣ። ጭቃው የተሰነጠቀው በጭቃ ተደፈነ፣ በላዩም የመንግሥት ኖራ ተቀባ። በርሜሉ ሲያልቅ በአመድና በውሃ ሞሉት። አንድ ጭልፋ አልጎደለም።

ካፒታኖው በልደታ ዋዜማ ከአምሳሉ ጋር በእግሩ መጣ፤ አዲስ ደብተር ይዟል። ከመንደሩ አፍ ላይ ቆመ። ቤቶቹ ሁሉ በፀሐዩ ያብለጨልጫሉ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ምልክት የለም። ከሮማ ወዲህ ይህን ያህል ነጭ ነገር አይቶ ያውቅ እንደሆን እንጃ።

«ምልክቱ የት ሄደ ይላሉ» አለ አምሳሉ። ከረባቱ አንቆታል።

«በዓል ነው በለው» አለች ተናኘወርቅ። «ደብራችን ናት። በየዓመቱ ነው።»

«የትኞቹ ቤቶች እንደነበሩ ንገሩኝ ይላሉ።»

«እኛ ምን እናውቃለን? እሱ ያለው ካርታ ላይ ነው። ካርታውን ይመልከቱ።»

አምሳሉ ተረጎመ። ካፒታኖው ቀላ፣ ነጣ፣ ደብተሩን ከፍቶ ዘጋው። ሊያስይዛቸው ይችላል፤ ለማስያዝ ግን ለአንድ ሰው ነገሩን ከመጀመሪያው ማስረዳት አለበት፤ መጀመሪያው ደግሞ ሞጆ ላይ የተያያዘ ሱሪ ነው። አለቆቹ ደግሞ ካርታውን የሚፈልጉት ሰኞ ነው።

«ሜዳው የሚረዝመው የግድ በዚህ በኩል ነው?» አለች ተናኘወርቅ፣ እንደ ዋዛ። «በወዲያ በኩል አንድ ቤት የለ፣ አንድ ዛፍ የለ። ለጥ ያለ ሣር ነው። ምን ቸገራቸው?»

ካፒታኖው ወደ ጠቆመችው ቦታ ረዥም ጊዜ ተመለከተ። በሚያዝያ በእርግጥም ለጥ ያለ ሣር ነው። በክረምት ምን እንደሚሆን አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም። መሐንዲስ ነው፤ የመሬት ነገር እንዲነግሩት አይወድም።

ሰኞ በቀረበው አዲስ ካርታ ላይ ሜዳው ወደ ሣሩ ዞሮ ነበር። ሐምሌ ላይ የመሬት መዳመጫ መኪናው እዚያ ሣር ውስጥ እስከ አንገቱ ሰጠመ። ሁለተኛው መጥቶ ሊያወጣው ሲል እሱም አጠገቡ ሰጠመ። ካፒታኖ ማርኬቲን፣ ዝናብ ወደሌለበት አንድ በረሃ አዛወሩት፤ እዚያ በየቀኑ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው፣ እንደልቡ ይዝናናል። ከመሄዱ በፊት ግን ዶቅዶቄዋን እየገፋ ከአምሳሉ ጋር መጣ። ግራ ብቻ ጭኖ መሄድ ወገቡን አጣሞበታል፤ የቀኙን ከረጢት እንደገና እንዲሰፉለት ለመነ።

አቶ ሸዋንግዛው ከምስማሩ ላይ ወስፌያቸውን ሳያዩ አነሡ። ከመደቡ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ሄደው ዶቅዶቄዋ አጠገብ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መለስ አደረጉት።

«ተናኜ፣ ንገሪያቸው» አሉ። «መጀመሪያ ያስነሧት። ሞቅ ስትል እለካታለሁ።»